ውርስን ስለ መከልከል

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ተወቅቶ ሲያበቃ በከተማዋ ውስጥ ከሁሉ ልቆ የሚሰማው የመፈልፈያው መኪና ድምፅ ነው። አይሱዙው ጆንያ ጭኖ ይገባል፤ አህያውም በበኩሉ የአቅሙን ተሸክሞ ከኋላው ይከተላል። ይህን ማንሣቴ ስለ ሩዝ ለመጻፍ አስቤ አይደለም። የዛሬው ነገሬ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው መጀመሪያ የያዘኝ በአንድ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ስለ ሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ዩኒቨርሲቲ በጨረስሁበት ዓመት አንድ መፈልፈያና መጋዘን ያለው ነጋዴ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። እኔም ሥራው ይፍጠንልኝ ብዬ፣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የጻፈውን «መዝገብ» የሚባል ክላስ ተዋስሁ። ይህ ክላስ ሁለት ዋና ዋና ተግባሮች ነበሩት። አንደኛው አንድ ጆንያ ያስገባል፤ ሁለተኛው በመኪና ተጭኖ የመጣውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያስገባል። እኔ ደግሞ ከዚህ ክላስ የሚወርስ «የሩዝ መዝገብ» የተባለ ልጅ ክላስ ጻፍሁና በሁለቱም ተግባሮች ላይ ቆጣሪ ጨመርሁባቸው። 1 ጆንያ ሲገባ 1 ይቆጥራል፤ 60 ሲገባ 60 ይቆጥራል፤ ከቆጠረም በኋላ ሥራውን ለአባትየው ተግባር ያስተላልፋል። ዓመቱን ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ሠራ።

በሁለተኛው ዓመት ጓደኛዬ ክላሱን አሻሻለው። ጭነት የሚያስገባው ተግባር የራሱ የተለየ አጻጻፍ ነበረው፤ ጓደኛዬ ይህን ድግግሞሽ አስወግዶ፣ እያንዳንዱ ጆንያ አንድ በሚያስገባው ተግባር በኩል እንዲያልፍ አደረገ። ማንም አስተማሪ ቢያየው የሚያመሰግነው ንጹሕ ሥራ ነው። እኔም አዲሱን ቅጂ ተቀብዬ በነጋዴው ኮምፒዩተር ላይ ጫንሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመኪና የመጣ ጆንያ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቆጠር ጀመር፤ አንድ ጊዜ ጭነቱ ሲገባ በእኔ ቆጣሪ፣ ሁለተኛም አባትየው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ሲያስገባ እንደ ገና በእኔው ቆጣሪ።

መዝገቡ 120 ሲል መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው 60 ሆነ። እንግዲህ የቀረውን 60 ማን ወሰደው? ቁልፉን የያዘው ነዋ! የመጋዘኑ ጠባቂ በዕድሜ የገፉ፣ እኛ ልጆቹ «አያ» እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። ሦስት ቀን ከሥራ ታግደው ከቤታቸው ዋሉ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ፣ በስርቆት የተጠረጠረ ሽማግሌ ሦስት ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚው ሲያየው ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው። በአራተኛው ቀን፣ በእርሳስ እየሠረዙ የሚይዙትን የራሳቸውን ደብተር አምጥተው ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ዘረጉትና፣ «ልጄ፣ በአህያ የመጣው ልክ ነው፤ በመኪና የመጣው ነው ያበደው» አሉኝ። እኔ አራት ዓመት ተምሬ ያላየሁትን እሳቸው ከሁለት ዓምድ ቁጥር አዩት። በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ አፈርሁም።

ጥፋቱ የማን ነበር? መጀመሪያ በጓደኛዬ ላይ ጮኽሁበት። እርሱም፣ «እኔ ቃሌን አላፈረስሁም፤ ጭነቱ ይገባል አልሁ፣ ይገባል፤ በውስጥ እንዴት እንደማስገባው መቼ ነገርሁህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ሕግ አልጣስሁም፤ ክላሱ ክፍት ነበር፣ ወረስሁት። ኋላ ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ጥፋት አገኘሁ፤ ለመወረስ ያልተዘጋጀ ክላስ ለመወረስ ክፍት ሆኖ መተዉ ነው። ክላሱ ክፍት የሆነውም ጓደኛዬ አስቦበት ሳይሆን፣ የተጠቀመበት የጃቫ ቋንቋ ባለቤቱ ካልዘጋው በቀር ሁሉን ክፍት ስለሚያደርግ ብቻ ነው።

በሙያው ውስጥ ለሌለ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ክላስ ማለት አንድ ዕቃ ምን ምን እንደሚይዝና ምን ምን እንደሚሠራ የተጻፈበት ንድፍ ነው። ውርስ ማለት ደግሞ አንድ ክላስ የሌላውን ንድፍ እንዳለ ተቀብሎ፣ የፈለገውን መጨመሩና ያልወደደውን በራሱ መተካቱ ነው። ሐሳቡ ዱሮ የተወለደ ነው፤ ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋ ውስጥ አቋቋሙት፤ በ2001 ም የቱሪንግን ሽልማት አገኙበት። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ እኔም የሐሳቡ ጠላት አይደለሁም።

ነገር ግን «ውርስ» የሚለው ስም ራሱ ተማሪውን ያሳስተዋል ብዬ እፈራለሁ። የፎገራን ላም ተመልከቱ። በሜዳው የምትታወቀው፣ ወተቷ የሚመሰገነው፣ ዘሯም በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲጠበቅ የኖረው ያቺ ላም ጥጃዋን ስትወልድ የምታወርሰውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አውርሳ ትጨርሳለች። ከዚያ ወዲያ ላሚቱ ብትከሳ፣ ቀንዷ ቢሰበር፣ ብትሸጥም ጥጃው የወረሰው ጠባይ አይለወጥም። የኮምፒዩተሩ ውርስ እንዲህ አይደለም። እዚያ እትብቱ ፈጽሞ አይቆረጥም። እናቲቱ ዛሬ አንድ ነገር ብትለውጥ ከአሥር ዓመት በፊት የተወለደው ልጅ ዛሬውኑ ይለወጣል፤ ሳይነገረው፣ ሳይጠየቅም። የእኔ «የሩዝ መዝገብ» የታመመው እርሱ ራሱ አንዲት ፊደል ሳይነካበት ነው። ታዲያ አስተማሪዎቻችን ውርስን ሲያስተምሩ ስለ እንስሳ፣ ከእንስሳውም ስለሚወርሰው ውሻና ድመት ምሳሌ ይሰጡንና፣ ስለዚህ ስለማይቆረጠው እትብት ግን ሳይነግሩን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ።

ችግሩ በልጁ ላይ ብቻም አይቆምም፤ አባትየውንም ያስረዋል። ለዚህስ ከዚሁ ካገራችን የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል? በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ ትውልዱን እስከ ቈጠረ ድረስ፣ ድርሻዬን ብሎ ሊነሣ ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ባለ ይዞታው ሲያርስ ኖሮ ሲያርስ ኖሮ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ በዳኛ ፊት ያቆመው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ንብረት እስኪያደርገው ድረስ ሙግቱ አላባራም። ርስት ለብዙ ድኻ መጠጊያ መሆኑን አልክድም፤ ሽማግሌዎቻችንም ይህን ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምሳሌዬ የምፈልገው ግን አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ወራሾቹን ቈጥሮ የማይጨርስ ባለቤት በገዛ ይዞታው ላይ ሙሉ አዛዥ አይደለም።

ክላስም እንደዚሁ ነው። አንድ ክላስ ክፍት ሆኖ ለሕዝብ ከወጣ ጸሐፊው ማን ማን እንደ ወረሰው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የጓዳውን ዕቃ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ለማዛወር እንኳ ይፈራል፤ ማን እንደ ተደገፈበት አያውቅምና። ጓደኛዬ ያደረገው የጓዳ ዕቃ ማዛወር ነበር፤ ወረታ ላይ አንድ ሽማግሌ ሌባ ተባሉበት።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በጃቫ ከክላሱ ስም በፊት «ፋይናል» የምትል አንዲት ቃል መጻፍ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ልውረስ ቢል ኮምፓይለሩ ገና በደጅ ሳለ ይመልሰዋል። በሲ ሻርፕ ቃሉ «ሲልድ» ይባላል። ሲ ፕላስ ፕላስ ይህንኑ ቃል ያገኘው በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት ጸሐፊዎቹ የክላሱን መፍጠሪያ ተግባር በመደበቅና በመሳሰለው ዘዴ ሲንገላቱ ኖሩ። በፓይተን ከ2019 ወዲህ የመጣው «ፋይናል» ግን ምልክት ነው እንጂ አጥር አይደለም፤ ኮድ መርማሪው መሣሪያ ይገሥጽ እንደ ሆነ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚከለክለው የለም።

የጃቫ ባለቤቶች ራሳቸው ይህችን ቃል የት የት እንዳኖሯት ማየት ትምህርት ይሰጣል። ጽሑፍን የሚይዘው «ስትሪንግ» የተባለው ክላስ ዝግ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጥበቃ ነው። አንድ ዘበኛ ተግባር አለ እንበል፤ የፋይል ስም ይቀበላል፣ የተፈቀደ መሆኑን ይመረምራል፣ ከዚያ ፋይሉን ይከፍታል። «ስትሪንግ» ቢወረስ ኖሮ፣ ተንኰለኛ ልጅ ክላስ ሲመረመር አንድ ስም፣ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ስም ሊናገር ይችል ነበር። በፍተሻ ኬላ ላይ አንድ የይለፍ ወረቀት አሳይቶ፣ ከኬላው ካለፈ በኋላ ሌላ እንደሚያወጣ መንገደኛ ነው። ክላሱ ስለ ተዘጋ ይህ በር የለም።

በዚያው ቋንቋ ውስጥ ሳይዘጉ የቀሩም አሉ። በ1997 የወጣው ጃቫ 1.1 «ቢግ ኢንቲጀር» የተባለ፣ እጅግ ትላልቅ ቁጥሮችን የሚይዝ ክላስ አምጥቶ ነበር። የዚህ ክላስ ቁጥር አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም ተብሎ የታሰበ ነው። ነገር ግን ሳይዘጋ ወጣ፤ ስለዚህ ከማያምኑት ሰው የመጣ «ቢግ ኢንቲጀር» እውነተኛው ይሁን የሚለዋወጥ ልጁ ይሁን ሳይመረመር አይታመንም። ጆሹዋ ብሎክ በ2001 ባሳተመው «ኢፌክቲቭ ጃቫ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ስሕተት ሳይሸሽግ ጽፎታል፤ አሁን እንዝጋው ቢባል ደግሞ እስካሁን የወረሱት ፕሮግራሞች ሁሉ ይሰበራሉ። ምክሩም አጭር ነው፤ ክላስህን ወይ ለውርስ አዘጋጅተህ እንዴት እንደሚወረስ ጽፈህ አስቀምጥ፣ ወይም ውርሱን ከልክል ይላል።

«ስታክ» የተባለውንም ሳላነሣ አላልፍም፤ የመጋዘን ሰው የሚገባው ምሳሌ ነውና። ስታክ ማለት ክምር ማለት ነው። ጆንያ በጆንያ ላይ ይከመራል፤ ስታወጣ መጨረሻ የጫንኸውን አስቀድመህ ታወርዳለህ። በጃቫ ግን ይህ ክላስ «ቬክተር» ከተባለው ተራ ዝርዝር እንዲወርስ ተደረገ። በዚህም ምክንያት ከዝርዝር የሚገኘውን መብት ሁሉ ወረሰ፤ ከክምሩ መካከል ጆንያ መምዘዝና በመካከሉ መሸጐጥ የተፈቀደ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው አያ ከመጋዘናቸው በዱላ ባስወጡት ነበር።

ይህን አስተያየቴን የማይቀበሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። አንዱ፣ «እኛ ገና ጀማሪዎች ነን፤ ሌላው የሠራውን እየቀጠልን ካልሠራን ሁሉን ከመሠረቱ ስንጽፍ ዕድሜያችን ያልቃል» ይላል። ሌላው በሥራው ላይ ያጋጠመውን ያነሣል። ስፕሪንግና ሃይበርኔት የተባሉት ዕውቅ መሣሪያዎች በውስጣቸው የሚሠሩት፣ ካንተ ክላስ የሚወርስ ምትክ ክላስ በስውር እየፈጠሩ ነው፤ ከዘጋኸው ከነርሱ ብዙ አገልግሎት ይቀርብሃል። ፈተና የሚጽፈውም ሰው የሐሰት ምትክ ለመሥራት ክፍት ክላስ ይወዳል። እነዚህ እውነት ናቸው። እንዲያውም ሳትፈቅድ ክላስ የማይወረስበትን የኮትሊንን ቋንቋ ከስፕሪንግ ጋር የሚጠቀሙ ሰዎች፣ የተዘጋውን መልሶ የሚከፍት ተጨማሪ መሣሪያ መጫን ግድ ሆኖባቸዋል።

ለፊተኛው ግን መልስ አለኝ። ሌላው የሠራውን ለመጠቀም ልጁ መሆን አያስፈልግም፤ መቅጠር ይቻላል። የእኔ መዝገብ የጓደኛዬን መዝገብ በውስጡ ይዞ፣ «ይህን ጆንያ አስገባልኝ» ብሎ ቢያዝዘው ኖሮ ቆጠራው የእኔ፣ አገባቡ የእርሱ ሆኖ ይቀር ነበር። ቅጥረኛ ሥራውን በቀኝ እጁ ቢሠራው በግራ እጁ አሠሪውን ምን ያገባዋል? ሥራው ይጠናቀቅለት እንጂ። ልጅ ግን የአባቱን እጅ ለመድ ሁሉ በደሙ ተሸክሞ ይዞራል። በባለሙያዎቹ ቋንቋ ይህ ከውርስ ይልቅ ማቀናጀትን መምረጥ ይባላል፤ እኔ መቅጠር ብየዋለሁ።

ለሁለተኛውም ቢሆን፣ መክፈትና መዝጋት እኩል አለመሆናቸውን እንይ። ዛሬ የዘጋኸውን ክላስ ምክንያት ሲመጣ ነገ ብትከፍተው የሚጐዳ ሰው የለም። ዛሬ በቸልታ ክፍት የተውኸውን ነገ ብትዘጋው ግን የወረሰህ ሁሉ ይጮኻል፤ ጩኸቱም አግባብ አለው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለህ መዝጋቱ ስሕተት ቢሆን እንኳ የሚታረም ስሕተት ነው። ኮትሊን 1.0ን በ2016 ያወጡት የጄትብሬይንስ ሰዎች ይህን ነገር ተረድተው፣ ክላስ ሁሉ ዝግ ሆኖ ይወለድ፣ መክፈት የፈለገ «ኦፕን» ብሎ በገዛ እጁ ይጻፍ ብለው ደነገጉ። ድካሙን ከሚዘጋው አንሥተው በሚከፍተው ላይ ጫኑት። በእኔ ግምት የሚገባው ቦታ ይህ ነው።

በመካከል የሚቆም መንገድም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው በኑዛዜ ወራሹን እንዲሠይም፣ ምክንያቱንም ገልጦ ልጁን ከውርስ እንዲነቅል ይፈቅድለታል። ጃቫ 17 በ2021 ያመጣው ደንብ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ክላሱን «ሲልድ» ብለህ ትጽፍና፣ «ፐርሚትስ» በሚለው ቃል የሚወርሱህን በስማቸው ትዘረዝራለህ፤ ከተዘረዘሩት ውጪ ማንም አይገባም። የክፍያው ዐይነት ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ ወይም ዱቤ ብቻ መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ፣ አራተኛ ወራሽ በጓሮ በር እንዳይገባ ለማድረግ ከዚህ የሚሻል የለም። (አንባቢ ልብ ይበል፤ በሲ ሻርፕ «ሲልድ» ማለት ፈጽሞ የተዘጋ ማለት ነው። አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም መያዙ ያናድዳል፤ ስም አውጪዎቹን ግን ማን ይቈጣቸዋል?)

እንግዲህ ይህ ጋዜጣ በእጁ የገባ ተማሪ፣ ውርስን በተማረበት ቀን ክልከላውንም አብሮ እንዲለማመድ እመክረዋለሁ። የጻፈውን ክላስ አንድ በአንድ እያየ፣ «ይህን ሌላ ሰው ቢወርሰው፣ የትኛው ተግባሬ የትኛውን እንደሚጠራ ጽፌ አስቀምጫለሁን? ያንንስ ሳልለውጥ ለመኖር ቃል እገባለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ይዝጋው። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣት ሹማምንትም ብትሆኑ፣ ለግብር፣ ለንብረት ወይም ለደመወዝ የተሠራ ፕሮግራም ስትረከቡ የሚያምረውን ገጹን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። የገንዘብና የንብረት ቁጥር የሚይዙት ክፍሎች ለመወረስ ክፍት ናቸው ወይ፣ ከሆኑስ በምን ውል ብላችሁ ሠሪውን ጠይቁት። የማይመልስ ከሆነ፣ ቁጥሩ የተዛባ ዕለት ተጠያቂው ፕሮግራሙ ሳይሆን ቁልፍ የያዘው የበታች ሠራተኛ ይሆናልና።

የወረታው መዝገብ አሁን ተስተካክሏል። «የሩዝ መዝገብ» ልጅነቱን ትቶ አሠሪ ሆነ፤ ጓደኛዬም የእርሱን ክላስ «ፋይናል» ብሎ ዘጋው። ነጋዴው አያን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እኔም ከቤታቸው ሄጄ እንደዚሁ አደረግሁ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ባለፈው የመከር ወራት ከመጋዘኑ ገብቼ ሳይ ግን ያ የእርሳስ ደብተር ከኮምፒዩተሩ አጠገብ እንደ ተዘረጋ ነበር፤ አይሱዙ በገባ ቁጥር ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያስተያያሉ።